«ብሬን መልሽልኝ» ያሉሽ ቀን

ልጄ፣ ኦቨኔን ወስደሻል፤ ትሪዎቼን ወስደሻል፤ ያን አንድ እግሩ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ ሳይቀር ጭነሽ ሄደሻል። ደብተሬን ግን መደርደሪያው ላይ ጥለሽዋል። ሽፋኑ በቅቤ ወዝቶ ስላየሽው ቆሻሻ መስሎሽ ይሆናል። ትናንት ማታ ደውለሽ «ኬኩን በልተው ሲያበቁ ብሬን መልሽ ይሉኛል» እያልሽ ስትንሰቀሰቂ፣ ስልኩን እንደዘጋሁ ያን ደብተር ገለጥኩት። አንቺን ያገኘሽ ነገር እኔን አራት ጊዜ አግኝቶኛል፤ ከነቀኑ ተጽፏል።

እጅሽ ወርቅ ነው፤ ይህን አልክድም። ክሬም ስትቀቢ ከእኔ ትበልጫለሽ። ነገር ግን ትዕዛዝ በጆሮሽ ትቀበያለሽ፣ ዋጋ በአፍሽ ትቆርጫለሽ፣ የቀረውን ለእግዚአብሔር ትተዪዋለሽ። እሱ ደግሞ የኬክ ቤት ጸሐፊ አይደለም።

ስለዚህ የደብተሩን ፍሬ ነገር በቁጥር አድርጌ ጽፌልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሊጥ እያቦካሽ አይሆንም።

1. ብር የሚጠይቅሽ ሰው ምን እንደጎደለው አስቀድመሽ እወቂ። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በድፎ ዳቦ ነው። በኮባ ጠቅልዬ፣ እሳት ከላይም ከታችም አድርጌ እጋግር ነበር። ያን ጊዜ መራዊ ውስጥ «ዳቦው አረረ፣ ብሬን» የሚል ሰው አላየሁም፤ ያረረውን በቢላ ፍቆ ይቆርሰዋል። ዳቦ ምግብ ነዋ። ኬክ ግን እንግዳ ፊት የሚከፈት ነገር ነው። በአንድ የጥር ሰርግ ማግስት አንድ አባት ጋቢያቸውን እንደለበሱ ደጄ ላይ ቆሙ። ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ያስቀምጡት ብላቸው እምቢ አሉ። ክዳኑን ስገልጠው ላይኛው ድርብ በአንድ ወገን ሰምጧል፤ ክሬሙ ካርቶኑ ላይ ተለጥፏል፤ የሙሽራዋ ስም ግማሹ የለም። እኔ ደግሞ ስለ ባጃጁና ስለ ኮረኮንቹ ማውራት ጀመርኩ። አስጨረሱኝና «እትዬ፣ እኔ ስለ መንገዱ አልጠየቅሁም፤ አማቾቼ ፊት ነው የከፈትኩት» አሉኝ። ብሩን አንድ ሳንቲም ሳላጎድል ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር አንገታቸውን አዞሩ። ብሩን መለስኩ እንጂ ፊታቸውን አልመለስኩም። ያን ዕለት «አሳፈርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ብጀምር ኖሮ ገሚሱን ብር ራሳቸው ይተዉልኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምነግርሽን አብዛኛውን ያስተማሩኝ እኒህ አባት ናቸው፤ እሳቸው ግን አያውቁትም።

2. ትዕዛዝ ጻፊ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለጌጥ አይደለም። ቀኑን ከነዕለቱ ጻፊው፤ «የጥር 21» ብቻ አይበቃም፣ «ጥር 21፣ ሐሙስ» በይ፤ ዕለቱና ቀኑ ካልተገጣጠሙ ስህተቱ እዚያው ይወጣል። ወሩ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ጠይቂ። ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት፣ ቀትር ወይም ማታ ብለሽ ለዪው። አንድ ጊዜ አሜሪካ ያለ ልጅ ለእናቱ ኬክ አዘዘና «በሁለት ሰዓት ይድረስላት» አለኝ። እኔ በጠዋቱ ሁለት ሰዓት አደረስኩ። ልጁ የቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ ለእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። እንግዳው እስኪመጣ ኬኩ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ቅቤው ወረደ። ማን አጠፋ? ሁለታችንም። ማን ከፈለ? እኔ።

ኬኩ ላይ የሚጻፈው ስም ደግሞ በደንበኛዋ እጅ ይጻፍ። ያለነው ጎጃም ነው፤ የቅኔ አገር ነው። ልጁን «ፀሐይ» ብሎ የሰየመ አባት በፀሐዩ ፀ ካልተጻፈ፣ በሐመሩ ሐ ካልሆነ፣ ሌላ ልጅ የተወለደ ይመስለዋል። አንቺ በጸሎቱ ጸ በሀሌታው ሀ ጽፈሽ «ንባቡ ያው አይደል?» ብትዪ፣ ቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ፊት ነውና የምትከራከሪው፣ ትረቺያለሽ። ደብተሩን አቅርቢና «እዚህ ላይ በእጅዎ ይጻፉልኝ» በይ። አምስት ሰከንድ ነው።

3. ደንበኛዋ የማትችይውን ኬክ በፎቶ ስታሳይሽ «እሺ» አትበዪ። ከሚመለሱብሽ ኬኮች ብዙዎቹ የሚመለሱት «እንደ ፎቶው አይደለም» ተብለው ነው፤ ፎቶው የተነሳው ግን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትነዳለች። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ የሚበዛው ደግሞ በዚያው ሙቀት ነው፤ ቅቤ 30 ዲግሪን ጥቂት አለፍ ካለ መቅለጥ ይጀምራል። «ቀለሙን አጠጋዋለሁ፤ አበባው ግን በእኔ እጅ ይሆናል፤ ቁመቱም ከሁለት ድርብ አያልፍም» ብለሽ ንገሪያት፤ የተናገርሽውን ጻፊው። ስለ አሠራሩም አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ከስልክ ላይ የምትገለብጪው መጠን ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ አገር የተቀመረ ነው። ባሕር ዳር እንኳ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይጠነክር መሐሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሺ። የሰመጠን መሐል በክሬም ሞልቼ ያመለጥኩ መስሎኝ ስንት ጊዜ ተይዣለሁ፤ ቢላ ሲገባ ይታያላ።

4. ቀብድ ሳትቀበዪ እንቁላል አትስበሪ። ስትጽፊውም «ቀብድ» ብለሽ ጻፊው እንጂ «ትንሽ ብር ሰጥታኛለች» አትበዪ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚሠራ የአበልጄ ልጅ አንብቦልኛል። ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ለቆ ይሄዳል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፍ! ይህን ስሰማ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ስንቱን ሰው «አልደረሰልኝም» ብዬ ቀብዱን ብቻ አስጨብጬ ሸኝቼዋለሁ፤ ማንም ሕጉን ስላላነበበ ተረፍኩ። ስለዚህ ጥር ሲመጣ ከአቅምሽ በላይ ቀብድ አትሰብስቢ። ስድስት ኬክ ለሚችል ኦቨን የዘጠኝ ቀብድ ይዘሽ መተኛት የሦስት ሰው ዕዳ ይዞ መተኛት ነው።

በሌላ በኩል፣ ሕጉ ቀብዱን ለአንቺ ቢተውልሽም ሁልጊዜ አትውሰጂው። ለቅሶ ገብቶበት ድግሱ የቀረበት ሰው ወይም ቀለበት የተመለሰባት ልጅ ብትመጣ፣ ገና ዱቄት ካልነካሽ ሙሉውን መልሽላት። ከነካሽ ወጪሽን አስይና ቀሪውን ስጫት። ማዘን ሌላ፣ መክሰር ሌላ ነው፤ ሁለቱን አታቀላቅዪ።

5. በጾም ኬክ ቀልድ የለም። ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴ 55 ቀን፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ፤ ይህን ሁሉ ቀን መቁጠሪያሽ ላይ በቀይ አስምሪበት። ደንበኛዋ ባትናገርም «የጾም ነው የፍስክ?» ብለሽ ጠይቂ። የልጇ ልደት ረቡዕ መዋሉን የምትረሳ እናት ሞልታለች፤ ቀኑ ሲደርስ የምትቆጣው ግን አንቺን ነው። «የጾም» የተባለ የዳቦ ቅቤ ሁሉ ከወተት የጸዳ አይደለም፤ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። ለሙስሊም ደንበኛ ስትሠሪም አልኮል ያለበት ማጣፈጫ እጅሽ እንዳይገባ። እኔ አንድ ጊዜ የጾሙን ክሬም የፍስኩ በነካው ማንኪያ አማሰልኩ። ሆን ብዬ ሳይሆን ሲመሽ ደክሞኝ ነው። ማግስቱን ትዝ ሲለኝ ራሴ ሄጄ ለኬኩ ባለቤት ነገርኳቸው፤ አሮጊት ናቸው፤ ብሩን ዘርግቼ ቆምኩ። አልተቀበሉኝም። «ብሩን ለነዳያን ስጪው፤ እኔ ንስሐ አባቴ ጋ እሄዳለሁ» አሉኝ። ከመለስኩት ብር ሁሉ ያላስረከብኩት ይኸኛው ነው የከበደኝ። ከዚያ ወዲህ የጾም ማንኪያዎቼ እጀታቸው ላይ ነጭ ክር አለ። እነሱንም ወስደሻቸዋል፤ ክሩን በጥሰሽ እንዳልጣልሽው ተስፋ አደርጋለሁ።

6. ካርቶኑን ሳትከፍቺ ኬክ አታስረክቢ። ደንበኛዋ እያየች ክፈቺው፤ ስሙን ራሷ ታንብበው፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ቀሪውን ክፍያ ከዚያ ተቀበዪ። ስህተት ካለ እዚያው ይገኛል፤ ስምም ቢሆን ክሬም ነውና ተፍቆ ይጻፋል። ሰው ፊት ከተከፈተ በኋላ ግን የሚፋቅ ነገር የለም። ባጃጅ ውስጥ ጭኗ ላይ እንዳትይዘው ንገሪያት። ጭን ያዘነብላል፤ ፍሬን ሲያዝም ሆድ ይገፋዋል። ወለሉ ላይ፣ በሁለት እግሯ መካከል ይቀመጥ። ከዚህ ከመራዊ ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ለሚኒባስ ረዳት አደራ ብለሽ የላክሽው ከሆነ እስኪደርስ አደራው የአንቺ ነው፤ ራሷ ይዛው ከወጣች የእሷ ነው። ይህን ከደጅ ሳትወጣ ተናገሪ፤ ከወደቀ በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

7. ሲመጡብሽ አፍሽን ያዢ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወንበር ስጪ፤ ውሃ አቅርቢ፤ ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ወደ ጓዳ አስገቢያት፤ ሰው ፊት የቆመ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ያፍራል። «ምን ሆነ?» በይና እስክትጨርስ አታቋርጫት። ከዚያ ኬኩን እዪው። በጣትሽ ጫን አድርጊው፤ አሽትቺው፤ ቅመሺው። ሳታይ አትከራከሪ፤ ሳትቀምሺም ይቅርታ አትጠይቂ። ትናንት አንቺ ምን ብለሽ ጀመርሽ? «እስካሁን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አልሻቸው። ይህ ሌላ ቀሚስ የለበሰ «ውሸታም ነሽ» ነው። እነሱም እንደዚያ ሰሙት። ደግሞ ሸማች በአክብሮት መስተናገድና ከነጋዴ ስድብ መጠበቅ በሕግ የተጻፈ መብቱ ነው፤ የትሕትና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ።

8. ጥፋቱ የአንቺ መሆኑን ልብሽ ካወቀ ሁለተኛ ሳትጠየቂ፣ በዚያው ዕለት፣ ሙሉውን መልሺ። «ዛሬ ሦስት መቶ፣ ሰኞ ሁለት መቶ» እያልሽ አታንጠባጥቢ፤ በየቀኑ ቁስሉን እየነካካሽ መሆንሽ ነው። «በብሩ ፋንታ ሌላ ኬክ እሠራልሻለሁ» ማለትም የሚቻለው እሷ ከመረጠች ነው፤ ያሳፈራትን እጅ ደግማ ማመን አለመፈለግ መብቷ ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የክሬም ኬክ 15 ቀን የሚያቆይ ጀግና እስካሁን አላየሁም፤ መብቱ ግን አለ። ስለዚህ ያን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከግድግዳሽ ላይ አንሺው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የተበላሸውን ደህና አያደርገውም፤ ገና ከመግባታቸው ግን «ጠብ አለ» ብሎ ይነግራቸዋል።

በቴሌብር የተከፈለሽን በቴሌብር መልሺ፤ መልእክቱ ስልክሽ ላይ ይቀራል። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሳይጀመር በፊት በእጅ ሰጥቼ «አልደረሰኝም» ተብዬ ሁለቴ የከፈልኩት ብር አለ። በእጅ ከሰጠሽ ደብተሩ ላይ አስፈርሚ።

9. ተበልቶ ያለቀ ኬክ። እንግዲህ የትናንቱ ጉዳይሽ እዚህ ላይ ነው። የ30 ሰው ኬክ ተበልቶ፣ ካርቶኑ ላይ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቶ፣ «ደረቅ ነበር» ብለው መጡ። አንቺ «ከበሉት በኋላ!» ብለሽ ነደድሽ። ልጄ፣ የበላ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። እንግዳ ተቀምጦ፣ ሻማው በርቶ፣ ልጁ እየጠበቀ፣ ደጋሽ ኬኩን ምን ያድርገው? ደረቀም ራሰም ይቆርሰዋል። እያፈረ ይቆርሰዋል። እንዲያም ሆኖ ሙሉ ብር አይገባቸውም፤ የበሉት በልተዋል።

እኔ እንዲህ እለካለሁ። እንግዳ ጋ ሳይደርስ የተመለሰ ከሆነና ጥፋቱ የእኔ ከሆነ፣ ሙሉ። ተበልቶም ጉድለቱን ካመንኩ፣ እንደ ጉድለቱ ሩብ ወይም ሲሶ። «አልጣፈጠኝም» ብቻ ከሆነ ምንም፤ ቡና አጠጥቼ እሸኛለሁ፤ ጣዕም እንደ ምላሱ ነው። ማመን የምችለው ግን በምን ነው? ስፖንጁን ስታስተካክዪ ከአናቱ የምትቆርጪውን አውቃለሁ፣ እዚያው ቆመሽ ትበዪዋለሽ። ተዪው። በፌስታል አድርገሽ፣ ቀንና የደንበኛዋን ስም ጽፈሽበት፣ ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። «ደረቅ ነው» ስትልሽ አውጥተሽ አብራችሁ ቅመሱ። አንድ ሊጥ፣ አንድ እሳት ነው፤ አይዋሽም። ይህን ካደረግሁ ወዲህ ገሚሱ ክርክር እዚያው አልቋል፤ አንዳንዴ ለእኔ፣ አንዳንዴ ለእነሱ።

አንቺ ቁራጩን ስለበላሽው ማስረጃ የለሽም። እኔ ግን ኦቨኑን አውቀዋለሁ። በግራ በኩል ያደርቃል። ስትወስጂው ነግሬሻለሁ፤ ትሪውን መሐል ላይ አዙሪው ብዬሻለሁ። አዞርሽው? ትናንት ስጠይቅሽ ዝም አልሽ። እንግዲያው ሲሶውን ይዘሽ ዛሬውኑ ቤታቸው ሂጂ። አትላኪው፣ ይዘሽው ሂጂ። መጀመሪያ የምትናገሪውን ቁጥር 1 ላይ ጽፌልሻለሁ።

10. «ታመምን» ካሉሽ የብሩን ነገር እርሺው። ስንት ሰው እንደታመመና ምን ምን እንደበሉ ጠይቂ፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያው ሊጥና ክሬም የወጣውን ሁሉ በዚያው ደቂቃ ከመሸጫው አውርጂ፤ የወሰዱትንም ደውለሽ አስቁሚ። ብር አስጨብጠሽ «ለሰው አትንገሩ» እንዳትዪ፤ ያ ብር መመለስ አይባልም። ከድሮውም ያልበሰለ የእንቁላል ነጭ ያለበትን ክሬም በሙቀት ውጭ አታሳድሪ።

11. መብራት ሲጠፋ ሳይደውሉልሽ ደውዪ። ኃይለኛ ጠብ የሚነሳው ኬኩ ስለዘገየ ሳይሆን ሰዓቱ ደርሶ ስለተነገራቸው ነው። ጠዋት የተነገረው ሰው ሌላ መላ ይፈልጋል፤ ማታ የተነገረው ግን ይሳደባል። «መብራት ስለሌለ ነው» ብለሽም በሕግ የምታመልጪ አይምሰልሽ፤ መብራት መጥፋት እኮ ድንገተኛ ነገር አይደለም፣ ደጋግሞ የሚመጣ እንግዳ ነው። ከሰልና ምጣድ ይኑርሽ፤ ድፎ ዳቦን ያበሰለ ስፖንጅም ያበስላል፤ ዓይንሽን ካልነቀልሽ።

አገር ሲታወክ ነገሩ ሌላ ነው። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ የሰርግ ኬክ ለጎረቤት ልጆች ያከፋፈልንበትን ቀን አንቺም ታስታውሺዋለሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው አለ፤ ያኔ ካሣ አትጠየቂም። ግን ያላስረከብሽው ኬክ ብር የአንቺ አይደለም። እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ ብሩን ዘርግቼ «የዱቄቱንና የእንቁላሉን ግማሽ ተካፈሉኝ» እላለሁ። እምቢ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ምክንያት ነበረው።

12. የሚመለስ ብር አስቀምጪ። ከእያንዳንዱ 100 ብር ትዕዛዝ 3 ብር ቆርቆሮ ውስጥ ጣዪ፤ እቁብ እንደምትጥዪው ቁጠሪው። የዱቄቱን ብር ስትመልሺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ እጅሽ ሲንቀጠቀጥም ምላስሽ ይስላል። የተቀመጠ ብር ስትመልሺ ግን ሰው ትመስያለሽ። ዓመቱ ዞሮ የተረፈውን ለራስሽ ጫማ ግዢበት።

13. «ቲክቶክ ላይ አወጣሻለሁ» ያለሽን አትለማመጪ፤ አትዛቺበትም። የሚገባውን ስጪው፤ የማይገባውን አትጨምሪለት። ለማስፈራሪያ የከፈልሽ ቀን ዋጋ ዝርዝርሽ ላይ አዲስ መስመር ጽፈሻል።

14. ለዘመድም ደብተር ይውጣ። አበልጅሽ፣ የእህትሽ ባል፣ የእድር ጎረቤትሽ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ብለው ያለ ቀብድ ያዛሉ፤ ኋላም ቤተሰብ ናቸውና ጮክ ብለው ይቆጣሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ እየሳቅሽ ጻፊው። ከእነሱ ጋር ግን ክርክሩን እስከ ጫፍ አትግፊው። ጠቡ የከረረ እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ይግባበት። በኬክ የተኳረፍሻት ሴት ነገ ለቅሶሽ ላይ ጎንበስ ብላ ወጥ የምታማስለው ናት።

15. ያልመጣብሽን ሰው ፈልጊው። ብሬን መልሽ የሚል ሰው ገና ደንበኛሽ ነው፤ ከደጅሽ ቆሟል። ዝም ብሎ የሄደውን ነው መፍራት። የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ያህል ማጠጣት ከጀመረ ወዲህ፣ በበጋ ሽንኩርት ሸጦ ለልጁ ልደት ኬክ የሚያዝ ገበሬ አገኘን፤ በእኔ ልጅነት ልደት የሚባል ነገር ማን ያውቅ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ለሴት ልጁ አዘዘ። ቀብድ ከፈለ፤ ስሟን በራሱ እጅ ደብተሬ ላይ ጻፈ፤ ፊደሉ ዘንበል ዘንበል ያለ ነው፣ እስካሁን አለ። የዚያን ቀን ሦስት ሰርግ ነበረብኝ። ኬኩ ሲወጣ ስሙን መጻፍ ረሳሁ። ካርቶኑን ከፍቼም አሳየሁት፤ ደንቡን ጠብቄያለሁ። አየው። ጥቂት ቆመ። የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስል ዳር ዳሩን ተመለከተ። ከዚያ ቀሪውን ብር ከፍሎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። የረሳሁት ማታ ደብተሩን ስገልጥ ነው የታየኝ። ቤቱ ሩቅ ነው ብዬ፣ ነገ ብዬ፣ ሳምንት ብዬ ቀረሁ። በዓመቱ ከባሕር ዳር ከመጣ ሚኒባስ ሲወርድ አየሁት፤ የሌላ ቤት የኬክ ካርቶን ይዟል። ባጃጅ ውስጥ ገባና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ወለሉ ላይ አድርገው» ልለው እጄን አንስቼ ነበር።